ሁለት ሰው ያየው እንጉዳይ

እኔ በምኖርበት ሕንፃ ሥር፣ ከደረጃው ጎን፣ አንዲት ጠባብ የጫማ መስፊያ ክፍል አለች። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ ነው የሚጫወተው። ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች መደርደሪያ ነው፤ ሶሉ የተላቀቀ፣ ታኮው የተበላ፣ ስፌቱ የተተረተረ ጫማ ተደርድሮ ባለቤቱን ይጠብቃል። የማስቲሽና የጫማ ቀለም ሽታዋ ደረጃውን እየወጣ እኔ በር ድረስ ይመጣል። የክፍሏ ባለቤት ጫማ ሰፊ ነው፤ ሠፈሩ የሚያውቀው ግን በሌላ ነገር ስለሆነ «ጋሽ እንጉዳይ» ይለዋል። እኔ በአጭሩ ጋሼ እለዋለሁ። አንቱታ አይወድም፤ «አንቱ ስትዪኝ ወገቤን ያመኛል» ይላል።

ዝናቡ ጋብ ሲል ከከተማው ዳር ባለው ጫካ እንጉዳይ ይፈላል። ያን ሰሞን ጋሼ ዘንድ ጫማ ይዞ ከሚመጣው ቅርጫት ይዞ የሚመጣው ይበልጣል። ሰዉ በእረፍት ቀኑ ጫካ ይወርድና ያገኘውን ለቅሞ፣ ቤቱ ከመግባቱ በፊት እሱ ደጃፍ ላይ ይቆማል። ጋሼ ወስፌውን ያስቀምጣል፣ እጁን በሽርጡ ይጠርጋል፣ ከዚያ ከቅርጫቱ አንድ በአንድ እያነሳ ይገለብጣል።

«ጫማም እንጉዳይም ከላይ አይታይም» ይላል። «ከላይማ ሁሉም ያብለጨልጫል። ገልብጠህ ሆዱን እየው።»

ከቆቡ ሥር እንደ ቀሚስ ሽንሽን የተደረደሩትን ስስ ቅጠሎች ያያል፤ እሱ «ሆዱ» የሚለው እነሱን ነው። ቀለማቸውን ልብ ይላል። እግሩ ላይ ቀለበት መኖር አለመኖሩን ያያል፣ ሥሩን ያያል፣ ያሸታል። ከዚያ «ይሄን ብላ፣ ይሄን ጣል» ይላል። ያልለየውን «ይሄን አላውቀውም» ይልና ያስጥላል። ካልጣልኩ ከሚል ሰው ጋር ግን አይከራከርም። «ያንተ ሆድ ነው» ብሎ ወደ ጫማው ሲመለስ ሰውዬው ራሱ ይደነግጥና ይጥለዋል።

ይህን ሁሉ የተማረው ካሳደገው አጎቱ ነው። አጎትየው የደን ጥበቃ ሠራተኛ ነበር፤ ቁጡ፣ ነገር የማይደግም ሰው። ጋሼ እንደሚለው ከአጎቱ የሰማው ረጅሙ ንግግር ስለ እንጉዳይ ነው። ጫማ መስፋቱን ከሌላ ሰው ነው የተማረው፤ እንጉዳዩን ግን ከዘመድ ስለወረሰው መሰለኝ የበለጠ ይኮራበታል።

ሚስቱ እትዬ ደግሞ እንጉዳይ የሚባል ነገር በአፏ ዞሮ አያውቅም። የምትሠራው ሆቴል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። አንሶላ፣ ፎጣ፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ ቀኑን ሙሉ ነጭ ነገር ስታጥብና ስታጥፍ ትውላለች። «ነጭ ብሎ አንድ ነገር የለም» የምትለው ነገር አላት። ወተት የሚመስል አለ፣ ቢጫ የገባበት አለ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አለ፣ በርኪና የበላው አለ። የቤቷን መጋረጃ ያጠብኩላት ቀን አየት አድርጋ እንደገና አጥባዋለች።

እንጉዳይ ባትበላም ጫካ ግን ከጋሼ ተለይታ አታውቅም። ከተጋቡ ጀምሮ በየዓመቱ አብራው ትወርዳለች። እሱ በየዛፉ ሥር እየተንበረከከ ሲለቅም እሷ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች፤ ከጎኗ የሻይ ፔርሙስና እንቁላል የገባበት ዳቦ አለ። እሱ አንዱን ባገኘ ቁጥር እያመጣ ያሳያታል፤ ይሄ እንዲህ ስለሆነ ይበላል፣ ይሄ እንዲያ ስለሆነ አይበላም ይላታል። እሷ ዓይኗን ከሹራቡ ሳታነሳ «እህ» ትላለች። ጋሼ ስለ እንጉዳይ ሲያወራ የሚሰማው ሰው እንጂ የሚመልስለት ሰው አያስፈልገውም።

ዓይኑ መድከም ሲጀምር ጋሼ መጀመሪያ የጠረጠረው የክፍሉን አምፖል ነበር። አምፖሉን ቀየረ። ቀጥሎ መነጽሩን ጠረገ፣ ኋላም አዲስ መነጽር አደረገ። ምንም ለውጥ የለም። ነገሩን ሁሉ ሻይ በተቀዳበት ብርጭቆ ውስጥ አሻግሮ የሚያየው ይመስለዋል። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅተው በጣቱና በምላሱ ማስገባት ለመደ። ጫማ ደግሞ ግማሹ ሥራው በእጅ ነው፤ የሱ እጅ ብቻውን ያያል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለማንም አልተናገረም።

ለምን እንደደበቀ በኋላ ጠይቄዋለሁ።

«ሰው ጫማውን ሌላ ጋ ቢወስድ ግድ የለኝም» አለኝ። «ቅርጫት ይዞ በደጄ ሲያልፈኝ ማየት ነው የፈራሁት።» ወዲያው «ማየት አልኩ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

እትዬ የታዘበችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጋሼ ለትንሹም ለትልቁም መማል ይወዳል፤ አውቶቡስ ዘገየ ለማለት እንኳ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብሎ ነው። ያን መሐላ ተወው። እሷ እያረጀ ጨዋ የሆነ መሰላት።

ነገሩን ይፋ ያወጣው ቅርጫት የእኔ ነው። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ እቤት ከሚያድርበት ቀን መንገድ የሚያድርበት ይበዛል። የምኖረው ከእናቱ፣ ከአማቴ ጋር ነው። አማቴ ጆሯቸው ይከብዳል፤ አፋቸው ግን አይከብድም። ከሁሉ በላይ ወጥ ቤታቸው ውስጥ አፈር እንዲገባ አይፈልጉም። ጫማዬን ውጭ አውልቄ ነው የምገባው።

አንድ እሁድ ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር ጫካ ወርጄ ከሜዳው ጥግ፣ ዛፎቹ ከሚጀምሩበት፣ ነጫጭ የሚያማምሩ እንጉዳዮች አገኘሁ። ጋሼ ሁልጊዜ «በቢላ አትቁረጡ፣ ከነሥሩ ንቀሉ» ይለናል። የሚገድለው ዓይነት ከመሬት በታች፣ ሥሩ ላይ፣ ከረጢት የመሰለ ነገር አለው፤ ቆርጠው ከወሰዱት ከረጢቱ አፈር ውስጥ ይቀርና ምልክቱ ይጠፋል። ይህን አውቃለሁ። ግን የአማቴን ወለል አሰብኩና በቢላ ቆረጥኩ። ቅርጫቴ አንድ ቅንጣት አፈር ሳይገባበት፣ ከሱቅ የተገዛ መስሎ፣ ይዤ ተመለስኩ።

ጋሼና እትዬ የሚኖሩት ከእኛ በር ፊት ለፊት ነው። አንኳኩቼ ገባሁ። ጋሼ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ተቀምጧል፤ እትዬ ከጀርባው ቆማ ሸሚዝ ትተኩሳለች።

«ጋሼ፣ እስቲ እይልኝ» ብዬ ቅርጫቱን አስቀመጥኩለት።

አንዱን አነሳና በጣቱ ዳሰሰው። «ሥሩ የታለ?»

«አፈር እንዳይሆንብኝ ብዬ ቆረጥኩት።»

በቅሬታ ከንፈሩን መጠጠ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቅርጫቱን መልሶ ያስታቅፈኝ ነበር። ያን ቀን ግን ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ ገለበጠው፣ አሸተተው፣ ዓይኑ ሥር አድርጎ ቆየ። «ሮዝ ነው» አለ። «የሜዳው ነው። ሆዱ ሮዝ ከሆነ ችግር የለም።» ሌላ አነሳ። «ይቺም ሮዝ ነች።»

የእትዬ ካውያ ቆመ። እኔ ልብ አላልኩም፤ አሁን ነው ትዝ የሚለኝ። በጋሼ ትከሻ ላይ አሻግራ እጁ ላይ ያለውን እንጉዳይ አየችው፣ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፣ ምንም አልተናገረችም። እኔም አንዱን እንኳ ገልብጬ አላየሁም። ጋሼ ካየው እኔን ምን አደከመኝ? አመስግኜ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ እነሱ ቤት የሆነውን የነገረችኝ እትዬ ነች። በሩ እንደተዘጋ «የሁለተኛው ሆዱ ምን ነበር?» አለችው።

«ሮዝ አልኩ እኮ።»

የምትተኩሰውን ሸሚዝ አንስታ ፊቱ ዘረጋችው። «ይሄስ?»

«ምን ማለትሽ ነው? ሸሚዜ ነዋ።»

«ቀለሙን ነው የጠየቅኩህ።»

ጋሼ ሸሚዙን አየ፣ ከሱ አልፎ መስኮቱን አየ። «ነጭ» አለ። ሸሚዙ ውሃ ሰማያዊ ነበር፤ ራሷ ነች የገዛችለት። እሷ ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም። ካውያውን እንኳ ሳትነቅል በሩን ከፍታ ወጣች።

እኛ ቤት ስትደርስ ሽንኩርቱ በቅቤ ተቁላልቶ፣ እንጉዳዩ ተከትፎ ገብቶ፣ አማቴ በማንኪያ እያማሰሉ ነበር። እትዬ መጀመሪያ ምድጃውን አጠፋችው። ከዚያ ወደኔ ዞራ «ከዚህ የቀመሰ አለ?» አለችኝ።

አማቴን ትከሻቸውን ያዝኳቸው። «እማማ፣ ቀመሱት እንዴ?»

«ምን?»

«ቀመሱት ወይ?»

«ጨው ይጎድለዋል» አሉ።

እትዬ ቅርጫቱ ውስጥ የቀረውን ወደ መስኮቱ ወሰደችና አንድ በአንድ እየገለበጠች ሁለት ቦታ ለየችው። አሁን እኔም አየሁት። በአንዱ ወገን ያሉት ሆዳቸው የደበዘዘ ሮዝ ነው። የሌሎቹ ግን ጠመኔ የመሰለ ነጭ ነው፤ ጥቂት ናቸው፣ ግን አሉ። «ይሄኛው ሮዝ ነው» አለች። «ይሄ በርኪና የገባ አንሶላ ነው። ሮዝ ሆኖም አያውቅም።»

ታክሲ ይዘን ወደ ሆስፒታል ስንሄድ እትዬ ነጮቹን በወረቀት ጠቅልላ ይዛለች። አማቴ ምንም እንዳላመማቸው በመንገዱ ሁሉ ለሹፌሩ ያስረዱታል። የተቀበለን ሐኪም ወረቀቱን ፈታ አድርጎ አየና፣ ይህ መርዝ ቶሎ እንደማይታወቅ፣ ሰው ደህና ነኝ እያለ ውስጥ ውስጡን ጉበቱን እንደሚጎዳ ነገረን። ሕመም እስኪመጣ አለመጠበቃችን ትልቅ ነገር ነው አለ። ወዲያው ጥቁር ዱቄት በውሃ በጥብጠው አጠጧቸው፣ ደም ወሰዱ፣ አስተኟቸው። አማቴ ስልካቸውን አውጥተው «ከሰል አጠጡኝ» እያሉ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ አዳረሱ።

በማግስቱ ጠዋት ከክፍሉ ወጣ ስል ጋሼን ኮሪደሩ ላይ አገኘሁት። ብቻውን ነው የመጣው፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያዟዙራል። እውነቱን ለመናገር ተቆጥቼ ነበር። ቃላቱንም ስደረድር ነው ያደርኩት። ሳየው ግን አንጀቴን በላው፤ የኔ ቢላም ትዝ አለኝ። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

አማቴ ከውስጥ ሆነው አዩት። «ያ ጫማ ሰፊ ውጭ ምን ይሠራል? ጥሪው እንጂ።»

ገባና አልጋቸው ሥር ቆመ። «እማማ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዓይኔ አያይም።»

«ምን?»

«ዓይኔ አያይም።»

«ድምፅህን አውጣው፣ ጆሮዬን ታውቀው የለ።»

ጋሼ ለገዛ ሚስቱ ያልተናገረውን ነገር እዚያ ክፍል ውስጥ እየጮኸ ሊናገር ግድ ሆነበት። በየአልጋው ያሉ ሕመምተኞች ዞረው አዩት።

አማቴ ሲገባቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ጆሮዬ ካልሰማ ስንት ዘመኑ። ሰው ሲስቅ አብሬ እስቃለሁ። አንድ ጊዜ ቀብር ላይ ስቄያለሁ።»

ጋሼ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አደረገ። ይሳቅ ያልቅስ አልለየሁም።

«ስማ» አሉት። «የቀብሩ ሰውዬ ቀድሞ ሞቶ ነበር፤ እኔ ስለሳቅሁ አልሞተም። ያንተ መደበቅ ግን ይገድላል። ስለዚህ ለሰዉ ሁሉ ንገር። ለኔ እንደጮህከው እየጮህክ ንገር።»

የደም ምርመራው ደጋግሞ ደህና ሆነና አማቴን ይዘን ወደ ቤት ተመለስን። የቀመሱት ከሮዙ ይሁን፣ ወይስ ቶሎ መድረሳችን ያዳናቸው፣ ሐኪሙም እርግጠኛ ሆኖ ሊነግረን አልቻለም።

ጋሼ እንደተባለው አደረገ። ጫማ ሊያሠራ የመጣውን ሁሉ፣ ገና ከሰላምታው ሳይጨርስ፣ «ከእንግዲህ ቅርጫት አላይም፤ ዓይኔ ደክሟል» ይለዋል። በዚህም አልበቃውም። ባለፈው ወቅትና ካቻምና እሱ ብሉ ብሎ ያሰናበታቸውን ሰዎች አንድ በአንድ እያሰበ እንቅልፍ አጣ። በመጨረሻ የእትዬን ክንድ ይዞ በየቤቱ ዞረ። እየገባ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ የታመመ ሰው ነበር ወይ? ማንም አልታመመም። የሠፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ብቻ «እኔን ሆዴን አሞኝ ነበር፤ ግን የራሴን ዳቦ በልቼ ነው» አለው። ጋሼ በዚያ ቀልድ አልሳቀም።

ከዚያ በኋላ ቅርጫት መምጣቱ ቆመ። ሰዉ አዘነለትና እንዳይከፋው ብሎ ቅጽል ስሙን ተወው፤ ሁሉም «ጫማ ሰፊው» ይለው ጀመር። እሱን ደግሞ ያ የበለጠ ከፋው። «ጋሽ እንጉዳይ የሚለኝ ሰው ጠፋ» ሲል አንድ ቀን ሰምቼዋለሁ፤ ለራሱ ነበር የሚናገረው።

እትዬ ወደ ዓይን ሐኪም ወሰደችው። ሐኪሟ የዓይን ሞራ ነው፣ በቀላል ቀዶ ጥገና ይነሳል አለችው። ቀዶ ጥገና የሚለውን ሲሰማ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። «መርፌና ቢላ የሚሠራውን አውቃለሁ፤ ስጠቀምበት ነው የኖርኩት» አለ። እትዬ ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አኮረፈችው። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እሷም ለጊዜው ተወችው።

በቀጣዩ ዓመት ዝናቡ ጋብ እንዳለ፣ አንድ እሁድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። እትዬ ናት፤ ቅርጫትና ፔርሙስ ይዛለች። «አንቺም ነዪ» አለችኝ። «መንቀል ትማሪያለሽ።» ጋሼ ከኋላዋ ቆሟል፤ እንደ ተቀጣ ተማሪ ነው የሚመስለው።

«ሄጄ ምን ልሠራ ነው?» ይላታል።

«እኔ አያለሁ፣ አንተ ትጠይቃለህ።»

ጫካው እርጥብ ነበር፤ ቅጠሉ ከእግራችን ሥር ድምፅ የለውም። እትዬ ሹራቧን አላወጣችም። የቤት ማንኪያ ይዛ ተንበረከከችና የመጀመሪያውን ከሥሩ እየቆፈረች አወጣችው። ጋሼ ግንዱ ላይ፣ የሷ ቦታ ላይ፣ ተቀምጧል።

«ሆዱ ምንድን ነው?» አላት።

«ሮዝ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ቡና ፈሶበት ሁለት ጊዜ የታጠበ ፎጣ።»

ጋሼ ወደሷ ዘንበል አለ። «ፎጣው ነጭ ነበር ወይስ ቀድሞም ቢጫ?»

«ነጭ።»

«እግሩ ላይ ቀለበት አለው?»

«አለው። የላላ ነው፣ ወደ ታች ወርዷል።»

«ከሥር ከረጢት?»

«የለውም። ንጹሕ ነው።»

«ስጪኝ ላሽተው» አለ። አሸተተና «የሜዳው ነው፤ አርጅቷል። ቢበላም አይጣፍጥም» አላት። ከብዙ ወራት በኋላ ድሮ በማውቀው ድምፁ ሲናገር የሰማሁት ያኔ ነው።

እንዲህ እያልን ጠዋቱን አሳለፍን። እትዬ አንድ ቀለም ሁለት ጊዜ በአንድ ስም አትጠራም፤ አንዱ «የሕፃን ተረከዝ» ነው፣ አንዱ «ሰው ያልተኛበት አንሶላ» ነው። ጋሼ መጀመሪያ ይነጫነጭ ነበር፤ ኋላ ግን ገባው። እሷ ከምልክቶቹ አንዱን ሳታይ ብትዘል የትኛውን እንደዘለለች ለይቶ ይጠይቃታል። እኔም በማንኪያ መቆፈር ተማርኩ።

ቀትር ላይ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር እትዬ አፈሩን ስትከፍት እጇ ቆመ። «ይሄ ከረጢት አለው» አለች። «እንቁላል ውስጥ የቆመ ይመስላል። ሆዱም ያው ነጭ ነው፣ ያ የበርኪናው።»

ጋሼ እጁን ዘረጋ፤ ሰጠችው። ከረጢቱን በአውራ ጣቱ ቀስ እያለ ዳሰሰው። «አዎ፣ ይሄ ነው» አለ። «እማማን ሊወስድብን የነበረው።» መሬት ላይ አስቀመጠውና እጁን በቅጠል ደጋግሞ ጠረገ።

እትዬ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። «ስንት ዓመት ሙሉ ስትለፈልፍ ሰምቼሃለሁ» አለችው። «አሁን አንተ ስማኝ። ዓይንህን አሠራው።»

«ብታወርስ?»

«አሁን ምን ሆነህ ነው ታዲያ?»

ሻይ ቀዳችለት። ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ «አንቺ ግን» አላት፣ «እንጉዳይ አትበዪ። ይሄን ሁሉ ዘመን ለምንድን ነው አብረሽኝ የምትመጪው?»

«እንጉዳይ ፍለጋ መሰለህ?» አለችው።

እኔ ማንኪያዬን ይዤ ራቅ አልኩ።

የቀኝ ዓይኑን በዚያው ወር ተሠራ። ፋሻው የተነሳ ዕለት ሐኪሟ ምን ይታይሃል ስትለው ወደ እትዬ ዞረና «አንቺ፣ ፀጉርሽን መቼ ነው የተቆረጥሽው?» አላት። ከተቆረጠችው ዓመት አልፎታል። እትዬ ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ጀምራ መሐል ላይ ተነስታ ወጥ ቤት ገባች።

ወደ ሥራው በተመለሰ ቀን ያየው ግን አበሳጨው። መደርደሪያው ላይ የአንድ ደንበኛው፣ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጩ፣ ጫማ ለጥገና መጥቶ ነበር፤ የጎኑ ቀለም ተልጦ ከሥሩ ሰማያዊ ይታያል። ጋሼ ሰማያዊ ጫማ ጥቁር ቀለም ሲቀባ ከርሟል። ሌሎቹንም አወረደ። ቡናማው ጠቁሯል፣ የብርቱካን ቀለም ያለው የሴት ጫማ ዳር ዳሩን በቡናማ ተለቅልቋል። ትኬት ቆራጩ ሲመጣ ጫማውን ፊቱ ላይ ያዘለት።

«ይሄ ሰማያዊ አልነበረም?»

«ነበር» አለ ሰውዬው።

«ለምን ዝም አልከኝ?»

ትኬት ቆራጩ አፈረ። «ሶሉን ግን አሳምረህ ነበር የሰፋኸው» አለው።

ሁሉም አውቆ ዝም ብሎ ኖሯል። ጋሼ ተናደደ፤ ቤት ገብቶም ሠፈሩን እየጠቀሰ ይነጫነጭ ጀመር። እትዬ ሰምታ ሰምታ አቋረጠችው።

«እኔም እኮ ዝም ብያለሁ» አለችው። «ካውያዬን ይዤ ቆሜ፣ ነጭ መሆኑን እያየሁ፣ ልጅቷ ፊት እንዳታፍር ብዬ ዝም አልኩ። በሩ እስኪዘጋ ጠበቅኩ። እማማ የቀመሱት ያኔ ነው።»

ጋሼ መነጫነጩን ተወ። የተቀባውን ቀለም በማስለቀቂያ እያጠበ ሁሉንም ወደ ነበረበት መለሰ። ትኬት ቆራጩ ብቻ ጥቁሩን ለምጄዋለሁ ብሎ እንዳለ ወሰደው።

ቅርጫቶቹም ተመለሱ። መጀመሪያ የመጣው ዳቦ ጋጋሪው ነው፤ ደረጃው ላይ ቆሞ «ጋሽ እንጉዳይ አለ?» ብሎ ሲጣራ በሬን ከፍቼ ሰማሁት። አሁን ግን ሕግ አለ። ጋሼ ብቻውን አይፈርድም። ቅርጫት የያዘ ሰው እትዬ ከሥራ እስክትመለስ ይጠብቃል፤ እሱ ያያል፣ እሷም ታያለች። ከሁለቱ አንዱ «እኔ እንጃ» ካለ ይጣላል። ሥሩ የተቆረጠ ከሆነማ ቅርጫቱ ሳይነካ ይመለሳል። አንዳንዱ ይነጫነጫል፤ ጋሼ ግን የቀድሞውን «ያንተ ሆድ ነው» የሚለውን ነገር ትቶታል፤ አስጥሎ ነው የሚለቀው። አማቴ እንጉዳይ ዳግመኛ አልነኩም፤ ፍርዱን ለማየት ግን ወንበር ይዘው ይወርዳሉ።

ባለፈው ዝናብ ማግስት ሦስታችን ጫካ ወርደን ነበር። ጋሼ ሁለተኛውን ዓይኑንም ተሠርቶ፣ መነጽሩን ኪሱ ውስጥ አድርጎ፣ ከፊታችን ይሄዳል። ከአንድ የበሰበሰ ጉቶ ሥር ቅጠሉን ሲገልጥ ቆመና እትዬን ጠራት። ትንሽ እንጉዳይ ነው፤ ቀለሙ ወይን ጠጅ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ሁለቱም ተንበርክከው አዩት። እትዬ ለቀለሙ ስም ፈልጋ አጣች። ጋሼ ጎንበስ ብሎ አሸተተው።

«ታውቂዋለሽ?» አላት።

«አላውቀውም። አንተስ?»

«እኔም አይቼው አላውቅም።»

ከዚያ ጋሼ ቅጠሉን መልሶ ደረበበትና ክንዷን ይዞ አስነሳት፤ ዳቦውን ልንበላ ወደ ግንዱ ሄድን።